ደህናው ከባዱ ነው

የእህት ኧርነስቲንን የፋሲካ ባርኔጣ ልጨርስ መቀሴን ሳነሳ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ የተውኩት ሐምራዊ ሱፍ መሐሉ ተቦድሶ ጠበቀኝ። ቀዳዳው ክብ ነው፤ ትልቅ ሰሃን ያህላል። አይጥ ቢሆን እንዲህ አስተካክሎ አይበላም። ሌባ ቢሆን ሁሉንም ይወስደው ነበር።

«ቨርሊን!»

«አቤት፣ እማማ።»

«እስቲ ነይ። ይሄን የበላው ምን ዓይነት አውሬ ነው?»

ሱፉን አየችው፤ ጣሪያውን አየችው። «ትንሽ አውሬ ናት» አለች። «አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ርቧት ነው።»

ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ግን እንዲህ ያለ ሐምራዊ ሱፍ ሁለተኛ አይገኝም፤ ለፋሲካ የቀረው ሦስት ሳምንት ነው፤ እህት ኧርነስቲን ደግሞ ባርኔጣዋ ከፓስተሩ ሚስት ባርኔጣ በአንድ ጣት ካነሰ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። የልጅ ልጄን ጆሮ ይዤ ወደ ክፍሏ ወሰድኳት።

እዚያ ባሌ በሕይወት ሳለ የገዛት ትንሽ ሸክላ ማጫወቻ አለች። ሱፌ እሷ ላይ ተነጥፏል። አሚዶ ውስጥ ነክራ፣ በካውያዬ ተኩሳ፣ እንደ ብስኩት አድርቃዋለች። ከሱፉ ላይ ሸክላ፣ ከሸክላው ላይ የቨርሊን ሦስት ጣቶች።

«እይ፣ እማማ። ከታች ያለው ሰሃን ይዞራል። ከላይ ያለው ሸክላ ግን ቆሞ ይጠብቀኛል። ሱፉ ባይኖር አብረው ይነጉዱ ነበር።» ጣቶቿን ወደፊት ገፋ፣ ወደኋላ ሳብ አደረገች። ማሽኑ እንደተረገጠች ድመት ጮኸ። ደግሞ ጮኸ። ሦስተኛው ላይ ጩኸቱ ምት ያዘ፤ እግሬ ሳላዘው መሬት መታ።

«አሚዶ ያስተማርኩሽ ለዚህ ነው?»

«ሱፍ ያለ አሚዶ ወገቡ እንደተቆረጠ ሰው ነው ያልሽው አንቺ ነሽ።»

ጆሮዋን ለቀቅኩት።

እኔ ሙዚቃ አልጠላም። የምፈራው ሙዚቃው የሚወስዳትን ቦታ ነው። በእኛ ሰፈር፣ ብሮንክስ ውስጥ፣ ልጆቹ ማጫወቻዎቻቸውን በሱፐርማርኬት ጋሪ እየገፉ መናፈሻው ድረስ ይወስዱና የመንገዱን መብራት ምሰሶ ሆዱን ከፍተው ኤሌክትሪክ ከዚያ ይቀጥላሉ። ሽቦው ሣሩ ላይ ተጋድሞ ይውላል። ዝናብ ቢመጣስ? አንዱ ሕፃን ቢረግጠውስ? ይህን ስል ቨርሊን «እማማ፣ አንቺ እኮ ፀሐይ ብትወጣም ትወድቅ ይሆን ብለሽ ነው የምታያት» ትለኛለች። ባለፈው ሐምሌ ግን የገደለው ሽቦ አልነበረም። በጭፈራው መሐል ሁለት ልጆች በአንድ ጃኬት ተጣሉና ጥይት ተተኮሰ። ቨርሊን በሩጫ ቤት ስትገባ ነጩ ሸራ ጫማዋ ላይ የእሷ ያልሆነ ደም ነበር። በቀዝቃዛ ውኃ አጠብኩት፤ በጨው አጠብኩት፤ አልለቀቀም። ጫማውን ጣልኩት፤ ደሙ ግን ከዓይኔ አልወጣም።

እናቷን፣ የእኔን ሎሬንን፣ በሽታ ከወሰዳት አራት ዓመት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ይህችን ልጅ ሳልቆጥር ተኝቼ አላውቅም። አንድ ናት፤ ግን እቆጥራታለሁ።

ስለዚህ አሰብኩ፤ ደህና ማሽን እቤት ይኑራት። ትቧጭር፣ ታስጩኸው፣ ጎረቤት ይክሰሰኝ። በሬን ቆልፌ ከውስጥ እስከሰማኋት ድረስ ምን ቸገረኝ? «ቅዳሜ ሚስተር ካስበርት ጋ እንሄዳለን» አልኳት። አንገቴ ላይ ስትጠመጠም መነጽሬ ወደቀ።

ሚስተር ካስበርት የባርባዶስ ሰው ናቸው። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናሉ፤ አሮጌም አዲስም ይሸጣሉ፤ በዚያ ሁሉ አቧራና ሽቦ መሐል ክራቫት ሳያስሩ አይቀመጡም።

«ለጀማሪ ነው» አልኳቸው።

«ለማዳመጥ ነው ወይስ ለመቧጨር፣ ሚስስ ፔቲግሩ?»

«ለመቧጨር!» አለች ቨርሊን፣ እኔ አፌን ሳልከፍት።

«እንግዲያስ ጣትሽን አምጪ።» ሁለት ማጫወቻ ጎን ለጎን አስነሡ። «ይሄኛው ሰሃኑን የሚያዞረው በላስቲክ ነው። ያዢው። አሁን ልቀቂው። አየሽ? ከእንቅልፉ እንደቀሰቀሱት ሰው ነው፤ እሱ እስኪነቃ ዘፈኑ ያልፋል። ወዲህ ነይ። የዚህኛው ሞተር ከሰሃኑ ሥር ነው፤ መሐላቸው ምንም የለም። ያዢው። ልቀቂው።»

ለቀቀችው። ሰሃኑ ማንም እንዳልነካው ነጎደ። ቨርሊን ሳቀች፤ እናቷ እንደምትስቀው፣ አፍንጫዋን አጨማዳ። ያንን ሳቅ ካየሁ ቆይቶ ነበር።

«እስቲ አንሺው» አሏት። እጆቿን ከሥሩ ሰድዳ አቃሰተች። «ከበደሽ? ደህናው ከባዱ ነው። ቀላል ከሆነ ከበሮው በመታ ቁጥር መርፌው ይዘላል። ለመጀመሪያ አንዱ ከነማቀላቀያው ይበቃሻል፤ እጅሽ ሲበስል ሁለተኛውን ትጨምሪያለሽ። የሁለቱን ድምፅ የሚያዋህደው ማቀላቀያው ይሄ ነው። ይህች ቁልፍ ወዲያና ወዲህ እያለች ድምፁን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፤ ላላ ያለችዋን ምረጪ፤ የጠነከረችዋ ጣት ታደክማለች። መርፌው ደግሞ ጫፉ ክብ ይሁን፤ ሹሉ ሸክላውን ያርሰዋል። ይህች ቀጭን ሽቦ ከማቀላቀያው ጋር ካልታሰረች ደግሞ ቤትሽ ንብ የገባበት ይመስላል።»

ቨርሊን በየቃሉ ራሷን ትነቀንቃለች። እኔ የነበረኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው።

«ሚስተር ካስበርት፣ ይሄ ዕቃ ከቤት ይወጣል?»

«አልገባኝም፣ እመቤቴ።»

«ሁለት ልጆች ተሸክመው ያወጡታል ወይ?»

«ኧረ በደንብ! ጋሪ ላይ ጭነው መናፈሻው ድረስ!» ደስ የሚለኝ መስሏቸው ነው።

ያን ጊዜ ዓይኔ ወደ ሱቁ ጥግ ሄደ። እዚያ ቁም ሣጥን የሚያህል ዕቃ ተጋድሟል፤ እግሩ የተጠረበ፣ ክዳኑ የሚያብረቀርቅ እንጨት።

«ያስ?»

«እሱ? እሱ እንኳ የሳሎን ዕቃ ነው። ሬዲዮም ማጫወቻም አለው። ግን የሚዞረው በላስቲክ ነው፤ ልጅቷ ለምትፈልገው ሥራ...»

«ስንት ሰው ያነሳዋል?»

«አራት ወንድ።»

«እሱን ይስጡኝ።»

ቨርሊን መጀመሪያ ሳቀች። «እማማ ስትቀልድ!» ከዚያ ፊቴን አየችው። ሚስተር ካስበርት መነጽራቸውን አውልቀው በክራቫታቸው ጠረጉ።

«ሚስስ ፔቲግሩ፣ ዋና ልማር ላለ ልጅ አልጋ አይገዙለትም።»

«አልጋ ላይ የሰመጠ ልጅ አይቼ አላውቅም» አልኳቸው።

እስከ ቤት ድረስ ሁለት እርምጃ ቀድማኝ ሄደች። እኔ ስለ እንጨቱ አወራሁ።

አራቱ ወንዶች እየተሳደቡ አራተኛ ፎቅ አወጡት፤ አሳንሰሩ ከሞተ ዓመት አልፎታል። ሳሎኑን ሞላው። ቨርሊን ሁለት ቀን ሞከረች። ሱፉን አነጠፈች፣ ሸክላውን አስቀመጠች፣ ያዘች፣ ለቀቀች፤ ሰሃኑ እንደ ሰካራም ተንገዳገደ። በሦስተኛው ቀን የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝና ከማድቤት ብቅ ስል ክዳኑን በቀስታ ዘግታ የአበባ ማስቀመጫዬን ከላዩ ስታደርግ አገኘኋት።

«በቃ?» አልኳት።

«በቃ፣ እማማ። አመሰግናለሁ።»

ያ «አመሰግናለሁ» ሊያስፈራኝ ይገባ ነበር። በር ብታላትም፣ ብትጮህብኝ ይሻል ነበር። እኔ ግን ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ልጄ ሰው ሆነች። ከትምህርት ቤት መልስ ኢራይዳ ከምትባል የፖርቶ ሪኮ ልጅ ጋር ቤተ መጻሕፍት ትሄዳለች፤ ሳይመሽ ትገባለች። ቅዳሜ ቅዳሜ እህት ኧርነስቲን ትመጣና በትልቁ ዕቃ መዝሙር እንሰማለን። «ተመስገን በይ፣ ልጅሽ ተመለሰችልሽ» ትለኛለች። «ተመለሰችልኝ» እላለሁ።

አሁን ሳስበው ዓይኔ ስንቱን አይቶ አለፈ! ጥፍሯ ሥር ቢጫ የሰም ቀለም ነበረ፤ ዘፈኑ ውስጥ የሚፈልጉትን ቦታ ለማግኘት ሸክላው ላይ እንደሚያሰምሩበት የሰማሁት ኋላ ነው። የዕቃ ማጠቢያው ውኃ ውስጥ ከሸክላ የተላጠ ወረቀት አገኘሁ፤ ሌላው አጫዋች ዘፈኑን አይቶ እንዳይሰርቃቸው ስሙን ነክረው ይልጡታል። «ምንድነው ይሄ?» ስላት «የድሮ ቆሻሻ ነው» አለችኝ። ሐምራዊው ሱፍም ከቤት ጠፍቶ ነበር። አልጠየቅኩም።

የምትሄደው ቤተ መጻሕፍት አልነበረም። ሦስት መንገድ ወዲያ፣ ከልብስ ማጠቢያው ቤት አጠገብ ወዳለው ቀይ ሕንፃ ነበር። የኢራይዳ አጎት እዚያ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል፤ ሠርግ ላይ ሙዚቃ የሚያጫውት ሰው ነው። እናቱ ታማ ወደ ደሴታቸው ሲሄድ ቁልፉን ለኢራይዳ ሰጣት፤ ዕቃውን እየጠበቃችሁ ተለማመዱ፣ ንኩት እንጂ እንዳታጠፉት ብሎ። ሁለት ማጫወቻ ነበረው። ሁለቱም ከባዶቹ ናቸው።

ቅጠል ሲረግፍ ነው። እሑድ ከጸሎት ስንወጣ እህት ኧርነስቲን ባርኔጣዋን እያቃናች ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«የልብስ ማጠቢያው ጎን ያለውን ቀይ ሕንፃ ታውቂው የለ?»

«አውቀዋለሁ።»

«ጠባቂው ሐሙስ ዕለት የእናቱን አልጋ አወጣ።»

«ወይ ጉድ!»

«ፍራሹን ከነትራሱ። ወፏን ከነጎጆዋ።»

በእኛ ሰፈር ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልግም። ሕንፃው ኪራይ አላስገኝ ሲል ባለቤቱ የእሳት መድኑን መመኘት ይጀምራል። አንድ ቀን አንድ ሰው ቤንዚን ይዞ በጣሪያው በኩል ይገባል። የሕንፃው ጠባቂ ከሁሉ ቀድሞ ያውቃል፤ አንዳንዱ ለተከራዩ ሹክ ይላል፣ አንዳንዱ እናቱን ብቻ ያወጣል። ድሮ አቤት እንል ነበር፤ የሚሰማ ስናጣ ተውነው። ሁላችንም በራችን ሥር ሻንጣ አለን፤ ጫማችንንም ከአልጋው አጠገብ አፍንጫውን ወደ በር አዙረን ነው የምንተኛው። በእኔ ሻንጣ ውስጥ የሎሬን ፎቶ፣ የቨርሊን የልደት ወረቀትና ደህናው መቀሴ አሉ።

ሰኞ ማታ ጎመን በአሳማ አንገት አጥንት ሠርቼ፣ የበቆሎ ዳቦ ቆርሼ ተቀመጥን። ገና አልጨለመም። ቨርሊን ዝም ብላ ትበላለች። ዝምታ አልወድም፤ ዝም ካልን ሆዴ የራሱን ወሬ ይጀምራል። ስለዚህ ወሬ አመጣሁ።

«የልብስ ማጠቢያው ጎን ያለው ቀይ ሕንፃ ሊነድ ነው አሉ። ጠባቂው እናቱን አውጥቷል። ዛሬ ይሁን ነገ ማን ያውቃል? ምስኪኖች! አንቺ እንኳ በዚያ በኩል አታልፊም፤ ተመስገን ነው።»

ሹካዋ ቆመ።

«ማነው ያለው?»

«ኧርነስቲን ናታ።»

«ኧርነስቲን ብዙ ነገር ትላለች።»

«ስለ አልጋ ግን ዋሽታ አታውቅም።»

ዳቦዋን ጨረሰች። ሰሃኗን አጠበች። ሳላዛት አጠበች። ከዚያ ኮቷን አነሣች።

«የቤተ መጻሕፍቱን መጽሐፍ ዛሬ መመለስ አለብኝ። ኢራይዳንም በዚያው ልጥራት።»

«አሁን?»

«ሳይዘጉ፣ እማማ። እሮጣለሁ።»

«አንገትሽን ሸፍኚ፤ ብርድ ነው» አልኳት። ቀዩን ሻርፕ ራሴ ጠመጠምኩላት። ጉንጬን ሳመችኝና ወጣች። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። የእኔ ቃል አፋፍ ላይ አልቆመም፤ ልጄን እጇን ይዞ ነው የወሰዳት።

የእሳት አደጋ መኪናዎቹን ስሰማ ዕቃ እያጠብኩ ነበር። እጄ ከልማዱ ሻንጣውን አነሣ። በር ላይ ቆሜ አሸተትኩ፤ የእኛ አይደለም። በማድቤቱ መስኮት ሳይ ጭሱ ከልብስ ማጠቢያው በላይ ነው። «ጌታ ሆይ፣ ውስጥ ያሉትን አውጣቸው» አልኩና ሻንጣዬን መልሼ አስቀመጥኩ። እውነቱን ልናገር፤ ይህን ብዬ ድስቱን እሳት ላይ ጣድኩት፤ ስትመለስ ይበርዳታል ብዬ።

ክዳኑን ከድኜ ዘወር ስል ነው የታየኝ። ስትወጣ እጇ ባዶ ነበር። መጽሐፍ አልያዘችም።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። መንገዱ በሰው ተሞልቷል። ከልብስ ማጠቢያው ፊት ለፊት ኢራይዳ የእግረኛው መንገድ ላይ ተቀምጣለች፤ አጠገቧ የሱፐርማርኬት ጋሪ፣ ጋሪው ውስጥ ማቀላቀያና አንድ ማጫወቻ።

«ቨርሊን የታለች?»

«ሚስስ ፔቲግሩ...»

«የታለች አልኩሽ!»

«ሁለተኛውን ልታመጣ ተመለሰች! ተይው አልኳት፤ እግሯን ይዤ ለመንኳት! እሳቱ ገና ጣሪያው ላይ ነው አለችኝ። አጎትሽ እኛን አምኖ ነው አለችኝ...»

ኢራይዳን በጥፊ መታኋት። ከዚያ አቀፍኳት። ሁለቱንም ያደረገው ይሄው አንድ እጄ ነው።

ሁለተኛ ፎቅ መውረጃው ላይ ነው ያገኟት። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ፣ ማጫወቻውን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ። ጣሪያው የተለበጠበት ሬንጅ ቀልጦ በደረጃው መሐል ይንጠባጠብ ነበር። ቀኝ እጇ ማጫወቻው ላይ ነበር፤ ክዳኑ እንዳይከፈት ይዛው። ሬንጁ እጇ ላይ ወረደ። ሲያወጧት እጇንና ክዳኑን መለያየት አልቻሉም፤ አብረው ነው አምቡላንስ ውስጥ ያስገቧቸው።

ሆስፒታል አምስተኛው ቀን ላይ ነው ቃል የተናገረችኝ። እኔ ሁልጊዜም አንዱን ነገር ነበር የምለው፤ «ለምን አልጣልሽውም? ለምን አልጣልሽውም፣ የኔ ልጅ?»

«የእኔ ቢሆን እጥለው ነበር» አለች። «የሰው ነው።»

አንሶላዋን አስተካከልኩላት።

«ከባድ ነበር፣ እማማ። ሦስት ጊዜ አረፍኩ።»

የብርዱ ወራት እንዲያ አለፈ። ከጭኗ ቆዳ ወስደው እጇ ላይ ሰፉላት። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስሰፋ ኖሬአለሁ፤ ጥሩ ስፌት ነው። ግን ሦስቱ ጣቶች አንድ ላይ ቀሩ፤ አይታጠፉም፣ አይዘረጉም። የተረፈውን ማጫወቻ አጎትየው መጥቶ ወሰደ፤ በራችን ላይ ቆሞ አለቀሰ፤ ቨርሊን አልወጣችለትም። ኢራይዳ ቅዳሜ ቅዳሜ ታንኳኳለች፤ አትከፍትላትም። ትምህርት ቤትም አትሄድም። ከአልጋዋ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ አልጋዋ።

ከቤት አትወጣም። ስነቃም ስተኛም እዚሁ ናት። ለምኜ የነበረው ይሄንን ነው፤ ልክ እንደለመንኩት ተሰጠኝ።

በየካቲት ሚስተር ካስበርት ሱቅ ሄድኩ። ሰውየው እኔን ሲያዩ ተነሥተው ክራቫታቸውን አጠበቁ። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

«ያንን ቁም ሣጥን የሚያህል ዕቃዎን ይውሰዱልኝ» አልኳቸው። «ከባዱን ይስጡኝ።»

«ሚስስ ፔቲግሩ፣ የልጅቷ እጅ...»

«ግራው ደህና ነው። ሸክላውን በግራዋ ትይዛለች። ቁልፏ በጣም ላላ ያለችዋ ትሁን፤ የማይታጠፍ ጣት በጎኑ ቢገፋት እንኳ እሺ የምትል። ዘይት ያድርጉባት። መርፌው ጫፉ ክብ የሆነው። ያችን ቀጭን ሽቦ ደግሞ እርስዎ ራስዎ ይሠሩልኝ፤ ንብ አልፈልግም።»

የዘይቱን ቆርቆሮ ከመደርደሪያው አወረዱ።

«ያን ጊዜ ሁሉንም ሰምተው ነበር ማለት ነው» አሉኝ።

«ሁሉንም ሰምቼ ነበር።»

ልጄ ያን ዕለት በጣቷ የያዘችውን እሱኑ አመጡልኝ፤ አልተሸጠም ነበር። ከመስኮቱ አጠገብ አስቀመጥንላት። ሐምራዊው ሱፍ ከሕንፃው ጋር ነዷል። የልብስ ቁም ሣጥኔን ከፈትኩና በባሌ የቀብር ዕለት ያደረግኩትን ጥቁር ባርኔጣ አወጣሁ፤ በእንፋሎት አለሰለስኩት፤ ተረተርኩት፤ ቆረጥኩት። አሚዶ ውስጥ ነከርኩት፤ ተኮስኩት። ስተኩስ ከአልጋዋ ሆና ታየኝ ነበር።

ሁለት ሳምንት አልነካችውም። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሰሃኑ ይዞራል። ቀኝ እጇን ሸክላው ላይ አድርጋዋለች፤ ያንን የተሰፋውን። ሸክላው ከእጇ ሥር ዝም ብሎ ያልፋል።

«አይሰማኝም» አለች።

«በግራሽ ሞክሪያ።»

«ግራዬ ምንም አያውቅም፣ እማማ።»

«ቀኝሽም እኮ ድሮ ምንም አያውቅም ነበር።»

አጠፋችውና ተኛች። ከዚያ ወዲያ ተመልሳ አላየችውም። እኔ በየጠዋቱ አቧራውን እጠርጋለሁ።

ሚያዝያ ላይ መናፈሻው ነቃ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከበሮው እስከ እኛ መስኮት ይመጣል። ቨርሊን መስኮቱን ዘጋችው። እኔ ስዘጋው የኖርኩትን መስኮት አሁን የምትዘጋው እሷ ሆነች።

ኢራይዳ እንደ ልማዷ አንኳኳች። እኔ ከፈትኩላት።

«ጋሪሽ አለ?»

«ታች አለ። ምነው?»

«ማቀላቀያውን ያዢ። ቀስ ብለሽ።»

«ወዴት ነው፣ ሚስስ ፔቲግሩ?»

«ወደ ምሰሶው።»

ልጅቷ አፏን ከፍታ አየችኝ። እኔም ራሴን ስሰማ አላመንኩም። ሽቦው፣ ሣሩ፣ ያ የጫማ ደም፣ ሁሉም ዓይኔ ላይ ነበር፤ አሁንም አለ። አንዱም አልተሰረዘም። ግን ይህች ልጅ መስኮት ዘግታ ስትኖር ማየት ከሁሉም በላይ ሆነብኝ። ጉልበቴን ሰበር አድርጌ ማጫወቻውን አነሣሁት። ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው። አጥንቴ ጮኸ። ቨርሊን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች።

«መናፈሻው ጋ ነን» አልኳት። ጀርባዋ አልተንቀሳቀሰም።

ኢራይዳ ማቀላቀያውን ይዛ ወደ ታች ሮጠች። እኔ አንድ እግር፣ ደግሞ አንድ እግር። ዕቃው ደረቴን ይጫነኛል፤ ጠርዙ ክንዴን ይቆርጠዋል። እሷ ይህንን ነበር የተሸከመችው፤ በጭስ ውስጥ። ከሦስተኛው ፎቅ መውረጃ ላይ አላስችል አለኝና ቁጭ አልኩ፤ ዕቃውን ጉልበቴ ላይ አድርጌ። አቀማመጤን አየሁት፤ እሷንም ያገኟት እንዲህ ነው።

ከላይ በራችን ተከፈተ።

«እማማ!» ድምፁ የሻገተ ነው፤ ብዙ ቀን ያልተነገረበት። «ክንዱን አሥረሽዋል?»

የመርፌው ክንድ አየር ላይ ይንጠለጠላል። አላሠርኩትም።

«አላሠርኩትም።»

«ይሰበራል እኮ! እንዲህ ይነሣል እንዴ? መጀመሪያ ክንዱ ነው የሚታሠረው!»

«በምን ልሠረው?»

ውረጂ ልላት ነበር፤ ምላሴን ነከስኩት። ይህ ምላስ ከዚህ በፊት ልኳታል።

«የፀጉርሽን ላስቲክ ፍቺ» አለች በመጨረሻ። «ሁለቴ ዙሪያውን። አታጥብቂው።»

ፈታሁ። ሽበቴ ዓይኔ ላይ ወረደ። ሁለቴ ዙሪያውን አዞርኩ፤ አላጠበቅኩትም። ከዚያ በላይ አልተናገረችም፤ አልወረደችምም። ዕቃውን እንደገና አቀፍኩና ተነሣሁ።

እስከ ታች ሁለት ጊዜ ደግሞ አረፍኩ። ባረፍኩ ቁጥር ጆሮዬን ወደ ላይ ሰጠሁ። በሩ ሲዘጋ አልሰማሁም።